በእኛ ፋብሪካ የሌለው አቤቱታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የዘይት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ የሽኝት ንግግር አደረገ። ገና ልጅ ነው፤ ክፉ ልጅም አይደለም። እትዬ የሻረግ በሠሩበት ዘመን ሁሉ በዚህ ግቢ ክርስቲያኑና እስላሙ፣ የዚህ ዘር የዚያ ዘር ሳይባል፣ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የኖረው አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም የሸለሙኝን ጋቢ ታቅፌ እጅ ነሣሁ። በሰው ሽኝት ላይ፣ ያውም በራስ ሽኝት ላይ፣ ክርክር አይነሣም። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤቴ እስክደርስ ግን በልቤ ስከራከረው ነበር። እኔ ከታይፒስትነት ተነሥቼ የሠራተኛ አቤቱታ በመስማት ያረጀሁ ሴት ነኝ። እንደ ቤተሰብ ኖረን ቢሆን ኖሮ ምን ሠርቼ ደመወዝ በላሁ?

ስለዚህ የሆነውን ልናገር።

በደርግ መጀመሪያ ላይ ስቀጠር ፋብሪካው ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት ቦታ ላይ ነበር። ኑግ ከየወረዳው በጆንያ ይመጣል፤ ይነፋል፣ በእንፋሎት ይሞቃል፣ መጭመቂያ ይገባል፤ ዘይቱ በአንድ በኩል፣ ፋጉሎው በሌላ በኩል ይወጣል። ሽታው ልብስ ውስጥ ገብቶ አይለቅም። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከጎኔ የቆመችው ሴት ዞር ብላ ታየኝ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለላምባ፣ ትንሽ ሲተርፍም ለነጠላ የሚሆን ነው። የተመደብሁት ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሲሆን አለቃዬ ጋሽ መርሻ ነበሩ።

ጋሽ መርሻ የቄስ ልጅ ናቸው። ዳዊት ደግመው ያደጉ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ አንድ የሆነ ሰው። የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆነው ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ መተየብ ነበር የእኔ ሥራ። ያን ጊዜ ግን እሳቸው የሚያደርጉትን ሥራ ነው ብዬ አላየውም ነበር፤ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ሰው አቤት ሲል ቢሮ አያስጠሩትም። ራሳቸው ወደሚሠራበት ይሄዱና ባዶ በርሜል ገልብጠው ይቀመጣሉ። የመጣበትን ጉዳይ ሳያነሡ ስለ ሥራው ይጠይቁታል፤ ይህ ቧንቧ ወዴት ይሄዳል፣ ይህ ለምን ይንጫጫል እያሉ። ሰውዬው እጁ መፍታታት ሲጀምር ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት። «ሰደበኝ» ካላቸው «ቃሉን ንገረኝ» ይላሉ። «ንቆኛል» ካላቸው «ምን ሲያደርግ አየህ?» ይላሉ። ቃሉ ካልተገኘ፣ ድርጊቱ ካልተገኘ፣ ብዕር አያነሡም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ማንም የማይጠይቀውን ይጠይቃሉ፦ «ምን ይደረግልህ?»

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። በስብሰባ ላይ፣ የሁላችንም ዐይን በከበደበት ሰዓት፣ እሳቸው የአለቆችን ንግግር ቁጭ ብለው በደንብ ያዳምጡ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አለቃ የሚታሰረው በራሱ ቃል ነው አሉኝ። በሕግ ቢሉት ሌላ ሕግ ያመጣል፤ በገዛ አፉ በተናገረው ሲይዙት ግን መውጫ የለውም አሉ።

የቦይለር ሠራተኛው የመሐመድ ኑር ጉዳይ ይህንን በዐይኔ ያየሁበት ነው። መሐመድ ኑር የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ቁጡ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ዓርብ ለጁምዓ ለጥቂት ጊዜ ሲወጣ የፈረቃ ኃላፊው ከሥራ እንደቀረ ይቆጥርበታል። ሰዎቹም «ሰነፍ እስላም» ይሉታል። የሚሉት እነማን መሰሏችሁ? በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን ሆዴን አመመኝ የሚሉት ናቸው። ጋሽ መርሻ ክርክር አልገጠሙም። ሥራ አስኪያጁ በአንድ ስብሰባ ላይ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ አንዱ ሃይማኖት ከሌላው አይበልጥም ብለው ነበርና ያንን ቃል ጠቅሰው፣ እንግዲያው የማርያም ሕመምተኛም እንደ ዓርቡ ሰው ይቆጠርበት ወይ ብለው ጠየቋቸው። በማግሥቱ መሐመድ ኑር ከምሳ ሰዓቱ ላይ እየቀነሰ እንዲወጣ ተፈቀደለት። ጋሽ መርሻን ባገኘ ቁጥር ዱዓ ያደርግላቸው ነበር። ይህን ሰው አትርሱት፤ ተመልሶ ይመጣል፤ ሲመጣም ያናድዳችኋል።

ዘሃራ የመጣችው ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በኋላ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የወይጦዎች መንደር ናት። አባቷ አያ እንድሪስ ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ያወጣሉ። ለማያውቅ ልንገር፦ ወይጦዎች ከማንም በፊት ጣና ዳር የኖሩ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ታንኳ ሠሪ ሕዝብ ናቸው። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። አያቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ ነበርና ክርስቲያኑ «ጉማሬ በሊታ» ብሎ ይጸየፋቸዋል። እስላሙ ደግሞ በዚሁ ሰበብ እስላም አይደሉም ብሎ ይገፋቸዋል። በዚያ ፋብሪካ ክርስቲያኑና እስላሙ ሳይከራከሩ የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነበር። የሕዝቡ ስም ራሱ ከሰው አፍ የሚወጣው እንደ ስድብ ነው።

ዘሃራ በመሠረተ ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተምራ፣ ከቀበሌዋ ደብዳቤ ይዛ መጥታ፣ በሠራተኞች ክበብ ሻይ ቀጂ ሆና ተቀጠረች። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ ሲያናግሯት ዐይኗን የማትሰብር ልጅ ነበረች። ማን እንደሆነች እስኪታወቅ ድረስ ሻይዋ ተወደደ። ከዚያ አንዱ መንደሯን ነገረ። በማግሥቱ ሻይ የሚጠጣ ጠፋ።

ጋሽ መርሻ ያን ቀን ገብተው እንደወትሯቸው ሻያቸውን ጠጡ። ንግግርም አላደረጉ፣ ዙሪያቸውንም አላዩ። እኔም ጠጣሁ። ጀግንነት አልነበረም፤ አለቃዬ እየጠጡ እኔ ቆሜ ማየቱ ከበደኝ።

ሰዉን የሚያስከትለው የመጭመቂያው ክፍል ኃላፊ ጥላሁን ነበር። ጥላሁንን ለማጥላላት አልፈልግም፤ እንዲያ ያለ ባለሙያ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ኑጉን በመዳፉ አሽቶ፣ አሽትቶ፣ እንፋሎት ይበቃው እንደሆን ያውቃል። መጭመቂያው ሊታነቅ ሲል ድምፁን ከግቢው ማዶ ሆኖ ይሰማና እየሮጠ ይመጣል። ጾም አይሽርም፣ ሰው አይበድልም ይባል ነበር። እሱ ክበብ ሲገባ የፈረቃው ሰው በሙሉ ተከትሎት ይገባል፤ እሱ ሲተው ሁሉም ይተዋል። ተወ። አንድ ቀን ደግሞ ዘሃራ ብርጭቆ ልታነሣ ወደ ጠረጴዛው ስትጠጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገራት። የክበቡ ኃላፊ ገበያ ጠፋብኝ ብሎ ዘሃራን ፋጉሎ ተሸካሚ አደረጋት። ፋጉሎ ትኩስ ነው፤ የወንድ ጀርባ ይልጣል።

ዘሃራ አቤቱታ አቀረበች። በእጇ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየተከለች የጻፈችው ነው።

ጋሽ መርሻ ፋጉሎ መከመሪያው ዘንድ ሄደው በርሜላቸውን ገልብጠው ተቀመጡ። እኔ ቆሜያለሁ። ስለ ፋጉሎው ጠየቋት፣ ስለ አባቷ ታንኳ ጠየቋት፤ ደንገል በየትኛው ወር እንደሚታጨድ ነገረቻቸው። ከዚያ ቃሉን ጠየቋት። ዘሃራ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ ቀስ ብላ ተናገረችው፦

«‹ጉማሬ ባረደ እጅ የተያዘ ብርጭቆ ውሻም አይጠጣበት› ነው ያለኝ።»

ልተይብ ነውና ድገሚልኝ ልላት ስል ጋሽ መርሻ እጃቸውን አነሡብኝ። አንድ ጊዜ መናገሯ ይበቃል አሉኝ። ስንመለስ መሐመድ ኑርን ቦይለሩ ጋር አገኘነውና ምን እንዳየ ጠየቁት። አላየሁም አለ። አንተስ ሻይዋን ትጠጣለህ ወይ አሉት። አልጠጣም አለ። እስላም እኮ ናት ቢሉት፣ እነሱን እስላም ያላቸው ማነው ብሎ ወደ እሳቱ ዞረ። ለጁምዓው ያን ሁሉ የተሟገቱለት ሰውዬ ነው እንግዲህ። እኔ ብግን አልሁ። ጋሽ መርሻ ግን «የተበደለ ሰው ሁሉ ፍትሕ የሚወድ እንዳይመስልሽ፤ አንዳንዱ የሚወደው የራሱን ነው» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አቤቱታው ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ አንብበው መልሰው ገፉት። የብሔረሰብ ጥያቄን አብዮቱ መልሶታል፤ የሃይማኖት እኩልነት ታውጇል፤ ስለዚህ በእኛ ፋብሪካ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሊኖር አይችልም አሉ። ሊኖር ስለማይችል የለም። ጋሽ መርሻ ልጅቱ ግን አለች፣ ፋጉሎ ተሸክማለች አሉ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ንጽሕና ጉዳይ ይታይ አሉ። የማን ንጽሕና እንደሆነ ሳይነግሩን ወጣን።

ነገሩ እዚያው ሞቶ ቢቀር ይሻል ነበር። ግን የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ሰይፉ ሰማ። ጓድ ሰይፉ ገና ከኮርስ የተመለሰ፣ ድምፀ መልካም፣ ነገር ሁሉ በስብሰባ ያልቃል ብሎ የሚያምን ጎልማሳ ነበር። በዘሃራ ላይ የደረሰው ከልቡ አስቆጣው፤ ይህን አልክድም። መፍትሔውን ግን እሷን ሳይጠይቅ አመጣ፦ ሠራተኛው በሙሉ በስብሰባ ተጠርቶ፣ ዘሃራ መድረክ ላይ ሆና ትቀዳለች፣ እያንዳንዱ ሰው እየወጣ ከእጇ ተቀብሎ ይጠጣል፤ ጎጂ ባህል በዚያው ይቀበራል።

ጋሽ መርሻ ቢሮው ድረስ ሄደው ለመኑት። ልጅቱ የጠየቀችው ይህን አይደለም፤ በግድ የጠጣ ሰው ነገ በውድ ይጠላታል አሉት። ጓድ ሰይፉ ኋላ ቀር አመለካከት ነው አላቸው። እንግዲያውስ ቀኑን ይቀይሩት አሉ። ቀኑ ረቡዕ ጠዋት ነበር፤ ክርስቲያኑ እህል ውሃ አይቀምስም። ወሩ ደግሞ ረመዳን ነበር። ጓድ ሰይፉ ይህን ሲሰማ እንዲያውም ደስ አለው፤ ሁለቱም ከንቱ እምነት በአንድ ብርጭቆ ይፈተናል አለ። ሃይማኖት ተሰደበ ብሎ አቤት ላለ ሰው መፍትሔው የሁሉንም ሃይማኖት መስደብ ሆነ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴን እየነከስሁ ነው።

ስብሰባው የተደረገው ኑግ ማከማቻው መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፉ፣ ጠረጴዛ ቀረበ፣ ትልቁ ማንቆርቆሪያ ከክበቡ መጣ። ዘሃራ ነጭ ሻሿን አስራ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ቆማለች። ፊቷ እንደ ድንጋይ ነው። ጓድ ሰይፉ ረዥም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ፣ ጓዲት ዘሃራ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ራሷ ጠጥታ ትከፍትልናለች አለ። ሰዉ ሁሉ እንዲያይ ብርጭቆውን ቀድቶ ሰጣት።

ዘሃራ ተቀበለችና ያዘችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ጾመኛ ነኝ» አለች።

ጓድ ሰይፉ ያልሰማ መስሎ ደገመላት። ዘሃራም ደገመችለት፤ ድምፅዋ ከመጀመሪያው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለአንቺ ነው አላት። ዘሃራ «እኔ ጠጡልኝ አላልሁም። ከሥራዬ አታንሡኝ ነው ያልሁት» አለችው።

ጓድ ሰይፉ ፊቱ ጠቆረ። ሰው ሊክብ ሲል የተናቀ የመሰለው ሰው ቁጣ ከሁሉም ይከፋል። አብዮታዊ ስብሰባን አስተጓጎለች አለና ከመድረኩ እንድትወርድ አዘዘ። ጋሽ መርሻ ተነሡ። ልጅቱ ከሳሽ ናት፣ ተከሳሽ አይደለችም፤ በሃይማኖቷ ምክንያት ተበደልሁ ያለችን ሰው በሃይማኖቷ ምክንያት መቅጣት እንዴት ነው ብለው፣ እንደ ልማዳቸው ሳይጮኹ፣ የጓድ ሰይፉን የገዛ ንግግር ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር መለሱለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ዘዴ አልሠራም። ጓድ ሰይፉ መውጫ ሲያጣ በሩን ሰበረው፤ አድኃሪ ቄስ አላቸው።

ያን ጊዜ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ቆመ። መሐመድ ኑር ነው። እጁ በቦይለሩ ጥላሸት እንደጠቆረ ነበር።

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለና ተቀመጠ።

ከእሱ ሌላ የተነሣ የለም። ጓድ ሰይፉ ራሱ ቀዳ፤ ሌላው ሁሉ በሰልፍ እየወጣ ጠጣ፤ ረቡዕ የሚጾመውም፣ ረመዳን የያዘውም። ጥላሁን ጠጣ። ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ መድኃኒት ጨለጠው። ሲወርድ ዘሃራን ያየበትን ዐይን አልረሳውም። ቀድሞ ይጸየፋት ነበር፤ ያን ቀን ጾሙን ያስፈታችው እሷ ሆነች።

በዚያ ሳምንት ዘሃራ ከሥራ ታገደች። መሐመድ ኑር ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ጋሽ መርሻ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ ተባለ። ከሠላሳ ዓመታቸው ጀምሮ የሠሩበትን ቢሮ ለቀው ሲሄዱ የያዙት ኮታቸውንና ኩባያቸውን ብቻ ነበር። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ተናድጄ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያዳምጡ ኖረው ምን አተረፉ አልኋቸው። ዘሃራን ምን ይደረግልሽ ሳልላት ቀረሁ፤ አንቺ ጠይቂያት አሉኝና ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

የኮሚቴው ጸሐፊነት ሰው ስለጠፋ ለእኔ ተሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ወራት የልብ ማድረቂያ ነው። እገዳው ይነሣ ብዬ አቀርባለሁ፤ ጉዳዩ የፖለቲካ ነው ይሉኛል። የፖለቲካው ቢሮ ስሄድ ጉዳዩ የአስተዳደር ነው ይሉኛል። አስተዳደር ራሴ ነኝ ስል የአንቺ ሥልጣን አይደለም ይሉኛል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ባዩኝ ቁጥር ያ ነገር አልሞተም ወይ ይላሉ። የሌለ ነገር እንዴት ይሞታል ልላቸው እያማረኝ እተወው ነበር።

መፈናፈኛ የተገኘው ጓድ ሰይፉ ለሌላ ኮርስ ሲሄድ ነው። ምትኩ የመጣው ሰው ወሬ የማይወድ፣ የምርት ዕቅድ ብቻ የሚያሳስበው ነበር። በዚያው ሰሞን መሐመድ ኑር ሳልጠራው ቢሮዬ መጣ። ሳይቀመጥ፣ ጥላሁን የተናገረውን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜ አላየሁም ያልሁት ውሸት ነው፤ መስክር ካልሽኝ እመሰክራለሁ አለኝ። ምን አስለወጠህ አልሁት። ወደ መስኮቱ አየና እንዲህ አለኝ፦

«እነሱን እስላም ያላቸው ማነው ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ጾሟን ስትይዝ እኔ ልጠጣ ተዘጋጅቼ ነበር።»

በእሱ ምስክርነት ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። እገዳው ተነሣ፤ ወደ ሻይ ቀጂነቷ ትመለስ ተባለ፤ ለክበቡ ኃላፊና ለጥላሁን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። በደስታ እየበረርሁ ውሳኔውን ይዤ ወደ መንደሯ ሄድሁ።

አያ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ የታንኳ ታች እያሰሩ ነበር። ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን በጥርሳቸው ይስባሉ። ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ እንድቀመጥ ዱካ አወጡልኝ። የሚበላና የሚጠጣ ግን ምንም አላቀረቡልኝም። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ኋላ ገባኝ። እንግዳ እምቢ ሲል ከማየት አለማቅረብ ይሻላቸዋል። ውሃ ስጡኝ አልሁ። እናቷ ባሏን አየች፣ ከዚያ በቅል ሰጠችኝ።

ዘሃራ ውሳኔውን ራሷ አነበበችው። አንብባ አጠፈችው።

«ጥላሁን እስካሁን በባዶ እጁ ነበር የሚጠላኝ። አሁን ወረቀት ይዞ ይጠላኛል» አለች።

አልዋሽም፣ ተናደድሁባት። ስንት ደጅ ጠንቼ ያመጣሁት ነው፤ ጋሽ መርሻ የተዛወሩበት ነው፤ እንዴት እንዲህ ትያለሽ አልኋት። ዘሃራ አልተቆጣችም። አላህ ይስጥልኝ፣ ልፋታችሁን አውቃለሁ፤ ግን እዚያ ማንቆርቆሪያ አጠገብ ተመልሼ ቆሜ ማን ጠጣ ማን ተወ ስቆጥር አልውልም አለች። ያን ጊዜ የጋሽ መርሻ አደራ ትዝ አለኝ። የመጣሁበትን ወረቀት ትቼ፦

«እሺ፣ ምን ይደረግልሽ?» አልኋት።

ወዲያው መለሰች። ሳስበው፣ መልሱ ከድሮ ጀምሮ አፏ ላይ ነበር፤ ጠያቂ ነው የጠፋው።

«መጭመቂያው ክፍል አስገቡኝ።»

ጥላሁን ጋር ነው እኮ አልኋት። አውቃለሁ አለች። ፋጉሎ ስሸከም በበሩ በኩል ሥራውን ሳየው ነበር፤ ሻይ እንዲጠጡልኝ ሰው መለማመጥ የለብኝም፤ ማሽን የሰው ዘር አይጠይቅም አለች። አባቷ ከደንገላቸው ቀና ብለው አዩኝ። የሚከለክሉ መስሎኝ ነበር፣ አልከለከሉም።

በዚያ ክፍል ሴት ገብታ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ ከነገሩኝ ግማሹን እዚህ አልደግመውም። እኔ ግን በሴቶች ቀን በዓል ላይ ያደረጉትን ንግግር ስሰማ አላንቀላፋሁም ነበር። ሴት የማትገባበት የምርት ዘርፍ አይኖርም ብለው ነበርና በአዲሱ ካድሬ ፊት ቃላቸውን አንድ ሳልጥል አነበነብሁላቸው። አዲሱ ካድሬ፣ ምርት ከጨመረ እኔ ምን ቸገረኝ አለ። ዘሃራ ገባች።

ጥላሁን ከእሷ ጋር በአንድ ፈረቃ አልሠራም አለ። አመለከተ፣ አልተፈቀደለትም። አላስተምራትም አለ፤ አላስተማራትም። የእንፋሎቱን ነገር መሐመድ ኑር አሳያት። ሌላውን በዐይኗና በጆሮዋ ቃረመችው። ኑግ ታሻለች፣ ታሸታለች፣ መጭመቂያው ሥር ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። ጥላሁን በፊቷ ሲያልፍ እንደ ግድግዳ ነው የሚያልፋት። ክረምት መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ከዚያ አንድ ቀን እሱ ወደ መጋዘኑ ዞር ባለበት መጭመቂያው ሊታነቅ ጀመረ። ዘሃራ ድምፁን ከእሱ ቀድማ ሰማችና ወደ ማሽኑ መዝጊያ እጀታ ሮጠች፤ እሱም ሮጠ። ሁለቱም መዝጊያው ላይ ተገናኙ። «ያዥው፣ አትልቀቂው» አላት። ያዘችው። የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሽኑ ይነጋገሩ ነበር። ስለ ማሽኑ ብቻ።

እያደር ዘሃራ የራሷን ፈረቃ ያዘች። ክበቡ ውስጥ ግን አብሯት ገበታ የሚቀርብ እንደጠፋ ኖረ። መሐመድ ኑር አልፎ አልፎ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። ሌሎች ሰዎችም አቤቱታ ይዘው መጡ፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ አዲስ እምነት የተቀበለ ሹፌር። አንዱም በስሙ አልተመዘገበም። የጠብ ጉዳይ፣ የንጽሕና ጉዳይ፣ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ እየተባለ ያልፍ ነበር። እኔም በርሜል እየገለበጥሁ ተቀመጥሁ።

ሁዳዴ ሊገባ በአንድ ቅበላ ሰሞን የሆነውን ነግሬ ልጨርስ። ያን ጊዜ ዘይት እንደ ወርቅ የተወደደበት ነው። ፋብሪካው ለከተማው ሰው በመስኮት እንዲሸጥ ስለታዘዘ ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ክርስቲያኑ የሁለት ወር የጾም ዘይት ሊይዝ ጀሪካኑን ተሸክሞ ይጠብቃል። እኔም እንደ ሰዉ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ የጥላሁን ሚስት ነበረች። ጥላሁን ራሱ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ሊሸከምላት መጥቶ ከጎኗ ቆሟል።

ከፊት የቀዳች አንዲት የዓባይ ማዶ ሴት የጀሪካኗን አፍ አሸተተች። ዘንድሮ እንዴት ያለ ጥሩ ዘይት ነው፣ ማነው እንዲህ አጥርቶ የሚጨምቀው አለች። የጥላሁን ሚስት ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ የእኔው ባለቤት ነዋ አለች። ሰዉ እየዞረ ጥላሁንን አየው። አንዱ መረቀው።

ጥላሁን ዝም ብሎ ያልፋል ብዬ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ያልፍ ነበር።

«የዛሬው የእኔ ፈረቃ አይደለም» አለ። «የዘሃራ ነው። የአያ እንድሪስ ልጅ፣ የታንኳ ሠሪው።»

ማን እንደሆነች ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሴትዮዋ የጀሪካኗን ክዳን ይዛ ቀረች። የጥላሁን ሚስት ባሏን አየችው፤ ባሏ ግን መስኮቱን ነበር የሚያይ። ተራዋ ደርሶ ቀጂው እየጠበቃት ነው። ባዶ ጀሪካኗን ጥቂት ታቅፋ ቆመች፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ገፋችው።

ከሰልፉ የወጣ ሰው አልነበረም።